የተበላሹት አርባ አንዱ

ሰኞ 3

ይህ የፎቶ ቤቱ የቀጠሮ ደብተር ነበር። ቀጠሮ የሚያሲዝ ደንበኛ ስለጠፋ እኔው እጽፍበታለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የውሎዬን የምነግረው ሰው የለኝም። ለፈጣሪ የምነግረው ሌላ ነው፤ እሱ ቀድሞ ያውቀዋል።

ልጄ ዛሬ ሁለት ጥቅል ፊልም ይዛልኝ መጣች። ኤግዚቢሽኗ የሚከፈተው በሚመጣው ወር 13፣ ቅዳሜ ነው፤ ስድስት ሳምንት አይሞላም። «አባዬ፣ ካንተ ሌላ የማምነው እጅ የለም፤ እጠብልኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስታው ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት፤ ይቅር ይበለኝ።

ምን እንዳነሳች ጠየቅኳት። ሁለት ዳንሰኞች፣ ባልና ሚስት ናቸው፤ ያነሳቻቸው እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነው። ባልየውን «ረጅሙ» ነው የምትለው። አንዴ እኔ ጋ መጥቶ የበሩን ጉበን በግንባሩ መትቶታል። የስድስት ወር ልጅ አለቻቸው። ሰሃን ሲያጥቡ፣ ልጅ ሲያባብሉ፣ አንሶላ ሲያጥፉ፣ ሁሉንም እየደነሱ።

«ወጥ ቤት ውስጥ እየደነሱ ሰሃን ማጠብ ምን ይባላል?» አልኳት።

«ትዳር ይባላል» ብላ ሳቀች።

ባልና ሚስቱ ዓርብ ውጭ አገር ይሄዳሉ። የሁለት ዓመት ሥራ አግኝተው ነው። «እንኳን ሳይሄዱ ደረስኩ» ትላለች። ስድስት ወር ስትለምናቸው ነበር።

ረቡዕ 5

አጠብኩ። ጨለማ ክፍሉ ከተዘጋ ሰነባብቷል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ የውሃውን ሙቀት ለክቼ፣ ጸሎቴን አድርሼ ገባሁ። እጄ አልረሳም። ፊልሞቹን ሽቦው ላይ በመቆንጠጫ ሰቅዬ ሲደርቁ፣ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በማጉያ አየኋቸው።

አዘንኩ። ከሰባ ሁለቱ አርባ አንዱ ተበላሽተዋል። ሰዎቹ ተንቀሳቅሰዋል። ረጅሙ ሁለት ራስ አብቅሏል። የሚስቱ ክንድ እንደ ጭስ ተበትኗል። ሕጻኗ በአንዱ ላይ ፊት የላትም። ሠላሳ አንዱ ግን ጥርት ያሉ ናቸው፤ የሸሚዙ ቁልፍ እንኳን ይቆጠራል።

ሙያውን ያስተማረኝ ባለ ፎቶ ቤት፣ «የተበላሸ ለደንበኛ አይታይም፤ ካየው ደህናውንም ይጠረጥረዋል» ይል ነበር። የተበላሸ ኔጌቲቭ ሲያገኝ በስህተት እንዳይታተም መሃል ለመሃል በመቀስ ይቆርጠዋል። እኔም ሠላሳ አራት ዓመት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ዛሬም ቆረጥኩ፤ አርባ አንዱንም። ሠላሳ አንዱን በንጹሕ ወረቀት ጠቀለልኩላት።

ልጄ ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። የእኔ ልጅ ሆና እንዲህ ያለ ነገር አነሳች እንዳይሏት።

የመጨረሻው ኔጌቲቭ ላይ ያለችውን ሴት በደንብ አላየኋትም። ፊቷ አይለይም።

ሐሙስ 6

መጣች። ወረቀቱን ፈትታ ኔጌቲቮቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየቻቸው።

«ሌሎቹስ?»

«ደህናዎቹ እነዚህ ናቸው።»

«አይ አባዬ፣ እነዚህን እኮ ገና ሳይጀምሩ ብርሃን ለመለካት ብዬ ነው ያነሳኋቸው። የተንቀሳቀሱትስ? ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አቁሜ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ክፍት ትቼው ያነሳኋቸው?»

ሆን ብላ ነው። ያኔ ገባኝ።

አፌ ቀደመኝ። «አልያዘም» አልኩ። «ፊልሙ አልያዘም። ባዶ ነው የወጣው፤ ጣልኩት።»

በልጅነቷ እንደምታደርገው የታችኛውን ከንፈሯን ነከሰች። «ኤግዚቢሽኑ እኮ እነሱ ናቸው» አለች። ለእኔ አልነበረም፤ ለመስኮቱ ነው የነገረችው።

ረጅሙ ጋ ደወለች። እሰማለሁ። ሻንጣቸው ተዘግቷል፣ ቤቱን ለአከራዩ አስረክበዋል፣ ነገ ማለዳ ይበራሉ። «ምንም አይደል፣ በሰላም ግቡ» አለችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። በዚህ እናቷን ናት።

ቁርጥራጮቹን የጣልኩበት ቅርጫት እግሬ ሥር ነበር። በእግሬ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋ አደረግኩት።

ዓርብ 7

ሄዱ።

ትናንት ብናገር ኖሮስ? ቤቱ ባዶ ነው፣ ሻንጣው ተዘግቷል፤ ምን ይፈይድላት ነበር? ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስል ዋልኩ። ለጉርድ ፎቶ የመጣችውን ተማሪ ዓይኗን እንደጨፈነች አነሳኋት። ስሕተቱን ያየችው እሷ ናት።

ሰኞ 10

ልጄ ካሜራዋን ለሰዓት ሠሪው ሰጠችው። ካሜራ ጠጋኝ ነው፤ ድሮ ሰዓት ይሠራ ስለነበር ስሙ እንዳለ ቀረ። ዛሬ መንገድ ላይ ያዘኝ።

«ካሜራው ከእኔም ካንተም የተሻለ ጤና አለው» አለኝ። «ልጅህን ምን ነካብኝ? ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ። አራተኛ ብትመጣ እኔን ነው የምትፈታኝ።»

«ፊልሙ ባዶ ወጣባት።»

«ሁለቱም ጥቅል?»

«ግማሽ ግማሹ።»

«በአንድ ጥቅል ውስጥ ግማሹ ይዞ ግማሹ ባዶ? አንዱ ገብቶ አንዱ ዘሎ?»  ሰዓት ውስጥ የጎደለ ጥርስ እንደሚፈልግ ሆኖ ነው ያየኝ። «ይሁና፤ አንድ ጥርስ ግን ጎድሏል» አለና ሄደ።

ውሸት መዋሸት እንኳን አልችልበትም። በዚህ መኩራት አይገባኝም።

ረቡዕ 12

ቅርጫቱን ልደፋ እስከ በር ወሰድኩት። መለስኩት።

ልጄ ከሥራ ስትወጣ ጎራ አለች። ሻይ ቀዳሁላት። «አባዬ፣ ፊልሙን ስከተው የካሜራው ጥርስ አልያዘልኝ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ፊልም የከተተች ልጅ ናት። «አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል» አልኳት።

ይህንን አልኳት። ይኸው ጻፍኩት።

ሐሙስ 13

ጠዋት ፎቶ ቤቱን ሳልከፍት ቁርጥራጮቹን ከቅርጫቱ በወረንጦ አንድ በአንድ አወጣሁ። ሰማንያ ሁለት ናቸው። አጋማሽ ካጋማሹ ማገናኘት ጀመርኩ። የረጅሙ ትከሻ ከየትኛው ወገብ ጋር እንደሚሄድ ለማወቅ ዳንሱን መከተል አለብህ፤ ክንዱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ። ዘጠኙን አገናኘሁ። ከዚያ ደንበኛ አንኳኳ።

እሑድ 16

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ጥግ ይዤ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ለልጅህ ብለህ ነው የዋሸኸው?»

«አዎ አባ።»

«ጠቀማት?»

ነጠላዬን አጣፋሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ለእኔ መናገርህ መልካም ነው» አሉኝ። «ግን ፊልሙ የእኔ አይደለም።»

ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩኝ። ወጣሁ። ልጄ ጋ ልሄድ አስቤ ነበር። ደመናው ከበደ። በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ዝናቡ አልመጣም።

ማክሰኞ 18

ዋርሳዬ መጣች፤ የባለቤቴ ታናሽ እህት። ለጡረታ ደብተሯ ጉርድ ፎቶ ፈልጋ ነው። በርጩማው ላይ አስቀመጥኳት።

«አገጭሽን ቀና። ትከሻሽን ዝቅ። አትንቀሳቀሺ።»

«ሞቼ ነው የምትፈልገኝ ወይስ በሕይወት?»

«ለጡረታው ቢሮ በሕይወት ብትሆኚ ይሻላል።»

ሳቀች፤ ስለዚህ ሁለተኛ ማንሳት ነበረብኝ። በሁለተኛው ላይ ሳትስቅ፣ ዓይኗን ከካሜራው ሳትነቅል፣ «አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «እህቴን እኮ ወንበር አስደግፈህ ነው ያኖርካት።»

አፏ ስለተንቀሳቀሰ ያኛውም ተበላሸ። ሦስተኛ አነሳሁ። ከመቀስ ጋር አልተገናኘሁም፤ አሁን ዲጂታል ነው፣ በጣት ይጠፋል።

ቀልድ ነው። ከድሮም ምላሷ ስለት ነው።

ረቡዕ 19

ማልጄ ተነሳሁ። የባለቤቴን ፎቶዎች ከአልበሙ አውጥቼ ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው፤ ልጃችንን ያቀፈችበትን ሳይጨምር። በአሥራ አንዱም ቆማለች፣ ቀኝ እጇ ወንበር ላይ ነው። ወንበሩ ያው ነው፣ አሁንም በር አጠገብ አለ። ጥርት ያሉ ናቸው። የቀሚሷ ነጠብጣብ ይቆጠራል።

ከመጋባታችን በፊት ዳንሰኛ ነበረች። በቡድን መድረክ ላይ ትወጣ ነበር። እንድታቆም አልነገርኳትም። ይህን ደጋግሜ ለራሴ ብየዋለሁ፤ እውነትም ነው። «እንደወደድሽ» ነው ያልኳት። ፊቴን አጥቁሬ ነው ያልኳት። እሷ ፊት ማንበብ ታውቅ ነበር። መድረኩን ተወች፤ ቤት ስትጠርግ ግን መጥረጊያው ሲያርፍ እግሯ አያርፍም ነበር። ጎረቤት እንዳያይ መጋረጃውን የምስበው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን፣ ልጃችን ገና አልተወለደችም፣ አዲስ መብራት ገዝቼ ስሞክር ፎቶ ቤት መጣች። ደንበኛ አልነበረም። ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ መጋረጃው ፊት ቆመች። «እየደነስኩ አንሳኝ» አለች። መብራቱ ገና ደካማ ስለነበር «አይሆንም፣ ይበላሻል» አልኳት። «ይበላሽ፣ አንሳኝ» አለች። አነሳሁ። ግራ እጇ ቀድሞ ይነሳ ነበር፤ ሌላው አካሏ እጇን እየተከተለ ይመጣል።

ሳጥበው እንዳልኩት ሆነ። ነጠብጣቦቹ ሁሉ መስመር ሆነዋል። አሳየኋትና «አላልኩሽም?» አልኳት። እዚያው ፊቷ፣ ከልማዴ፣ መሃል ለመሃል ቆረጥኩት።

ሳቀች። አስታውሳለሁ፤ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አንሳኝ ብላኝ አታውቅም። እኔ ነኝ «ቁሚ ላንሳሽ» የምላት። ትቆማለች፤ ወንበሩንም ራሷ ትስበዋለች።

ስለ ልጄ ፊልም እየጻፍኩ ነበር እዚህ የደረስኩት። ሁለት ደንበኞች በር ላይ ናቸው።

ያው ረቡዕ፣ ከሰዓት

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ባለ ነጠብጣቡ ቀሚስ የለም። መስቀያው ባዶ ነው።

የመጨረሻው ኔጌቲቭ ላይ ያለችው ሴት ልጄ ናት። የእናቷን ቀሚስ ለብሳ፣ በእኔ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ካሜራውን አቁማ፣ ራሷን ነው ያነሳችው። እኔ ቅዳሴ በሄድኩበት ሰዓት መሆን አለበት። ግራ እጇ ቀድሞ ተነስቷል። ማን አስተማራት? ማንም።

በደንብ አላየኋትም ብዬ ጽፌ ነበር። አይቻታለሁ። ከሁሉ አስበልጬ ያየሁት እሷን ነው። ማጉያውን አንስቼ፣ አስቀምጬ፣ መልሼ አንስቼ ነው የቆረጥኳት።

ዓርብ 21

ልጄ መጣች። ሰኞ ለኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ኃላፊ ደውላ «ሌላ ሰው አስገቡ» ልትል ነው። ኃላፊዋ ይህንን ቦታ ሦስት ዓመት አስጠብቃ ነው የሰጠቻት፤ ሁለተኛ እንደማትሰጣት ልጄም ታውቃለች።

«በሠላሳ አንዱ አይሆንም?» አልኳት።

«አባዬ፣ እነዚያ እኮ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ።»

ቀጥላ ያለችውን እጽፈዋለሁ፤ ልክ እንዳለችው። «ዓይኔን ማመን አቆምኩ። ያየሁት ነገር ሁሉ እዚያ ያልነበረ መሰለኝ።» የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዛለች።

እሑድ 23

ጸሎት ጀመርኩ፤ አላለቀም። «ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስደርስ ለማን እንደምለው ጠፋኝ።

አርባ አንዱንም አገናኝቼ ጨርሻለሁ። እያንዳንዱን ጥንድ በትንሽ ወረቀት ከረጢት አድርጌ ቁጥር ጽፌበታለሁ። የፎቶ ወረቀት ካርቶን ውስጥ ናቸው። ነገ ጠዋት፣ ከመደወሏ በፊት።

ሰኞ 24

ሁለት ሰዓት ላይ ቤቷ ደረስኩ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ገና አልደወለችም። ካርቶኑን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው?»

«ባዶ አልነበሩም» አልኳት።

አንዱን ከረጢት ከፈተች። ሁለቱን አጋማሾች መዳፏ ላይ አስቀምጣ ወደ ብርሃኑ ዞረች። ቆየች።

«በመቀስ?»

«በመቀስ።»

«ስንት?»

«አርባ አንድ። አንድም አልጎደለም፤ ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ።»

«ቁጥር!» አለች። ሳቅ መሰለኝ፤ አልነበረም። «ካሜራዬን ሦስት ጊዜ ሳስፈታ ታውቃለህ። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ስይዝ ታውቃለህ። ሻይ እየቀዳህ አይዞሽ ስትለኝ...»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን?»

«የተበላሹ መስለውኝ።»

«እሺ ይሁን። ሐሙስ ዕለት ስጠይቅህስ? ገና እዚሁ ነበሩ እኮ። አንድ ሌሊት ሙሉ ነበረን!»

«ፈራሁ።»

 እዚያ ላይ ባቆም ይበቃ ነበር፤ ግን ቄሱ «ፊልሙ የእኔ አይደለም» ያሉኝ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። «የመጨረሻዋ ግን የተበላሸች አልመሰለችኝም» አልኳት። «እናትሽን መሰለችኝ። እሷንም ቆረጥኳት።»

ልጄ ካርቶኑን ዘጋች። ወደ በሩ ሄዳ ከፈተችልኝ። አልጮኸችም። እንደ እንግዳ «ደህና ይዋሉ» አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ አንቱ ብላኝ አታውቅም።

መንገድ ላይ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። የነገርኳት ግማሹን ብቻ ነው። የእናቷን ኔጌቲቭ አልነገርኳትም።

ሐሙስ 27

አልመጣችም። ለአዳራሹ ደውላ ይሁን አትሁን አላውቅም።

ቅዳሜ 29

አልመጣችም። ጨለማ ክፍሉን አጸዳሁ። ሁለት ጊዜ።

ሰዓት ሠሪው በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «ጥርሱ ተገኘ?» አለኝ። «ተገኘ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ጥሩ ሰው ነው።

ማክሰኞ 2

በሩን ስከፍት ቆማ አገኘኋት። ካርቶኑን ይዛለች። «ጨለማ ክፍሉን እፈልገዋለሁ። አንተንም» አለች። አባዬ አላለችኝም፤ አንቱም አላለችኝም።

ሁለቱን አጋማሾች በሁለት ቀጫጭን መስታወት መሃል ጎን ለጎን አስቀምጣ ማተሚያው ውስጥ ከተተቻቸው። በመሃላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት አለ። መብራቱ በዚያ ክፍተት ስለሚያልፍ ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ላስጠጋቸው ብዬ ብሞክር የባሰ ሆነ፤ መቀሱ ትንሽ በልቷል።

«ሙቀቱ ስንት ነው?»

«ሃያ።»

«ሃያ ላይ ያዘው።»

 በቀይ መብራት ሥር ወረቀቱን ሳህኑ ውስጥ እያወዛወዝኩ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የወጣው መስመሩ ነው። ከላይ እስከ ታች፤ ቀጥ ያለ፣ የባለሙያ እጅ። ከዚያ ከግራ የሚስትየዋ ክንድ ቀስ እያለ መጣ። መስመሩ ጋ ሲደርስ የሚቆም መስሎኝ ነበር። አልፎት ሄደ።

«መስመሩን በብሩሽ ላጠፋልሽ እችላለሁ» አልኩ። እውነትም እችላለሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ጠባሳና ብጉር ያጠፋሁ ሰው ነኝ።

«እንዳትነካው» አለች።

ሰኞ 8

አሥራ ሁለቱን መረጠች፤ አተምናቸው። የመጨረሻዋን ለብቻዋ፣ በትልቁ ወረቀት። አጥቤ ሰቀልኳት። ውሃው ከጫፏ እየተንጠባጠበ እኔና ልጄ ትከሻ ለትከሻ ቆመን አየናት።

«ቀሚሱን ሳልጠይቅህ ነው የወሰድኩት» አለችኝ።

«የአንቺ ነው።»

የእናቷን ነገር ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። «ክፈፉን ማን ይሠራልሻል?» ብዬ ጠየቅኳት።

ቅዳሜ 13

ተከፈተ። ጠቆር ያለውን ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ሰው በዛ። ነጫጭ ግድግዳ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ መስመር። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ እንዲህ ያህል ጎልቶ አልታየኝም ነበር። አንዱ ወጣት ለጓደኛው «መስመሩ ቤቱን ለሁለት መክፈሉ ነው፣ ገባህ?» ሲለው ሰማሁ። ጓደኛው «ገብቶኛል» አለው። እኔ እንኳን ገና አልገባኝም።

ዋርሳዬ ልጄ ቀሚሱን ለብሳ የተነሳችበት ፎቶ ፊት ቆማ ነበር። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ከኋላዋ መጣሁ። ልጄም ከሌላ ወገን መጣች።

«እጇን እይው» አለች ዋርሳዬ፣ ለማናችንም ሳይሆን። ቆይታ፣ «መስመሩ ምንድን ነው?»

ልጄ ፈጠን ብላ «ፊልሙ ላይ ጉዳት ደርሶ ነው፣ አክስቴ» አለች። አየችኝ። ልትሸፍንልኝ ነው። ያን ሁሉ ካደረግኳት በኋላ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ፤ አጠገባችን ያሉት ዞሩ። «የተበላሸ ብዬ። በመቀስ።»

ዋርሳዬ ቀስ ብላ ዞረች። እንደ ምላሷ አልነበረም፤ በለሆሳስ ነው የጠየቀችኝ።

«እንደ ያኛው?»

ባለቤቴ ነግራት ነበር ማለት ነው። ያን ዕለት ስቃ፣ እህቷ ቤት ሄዳ ነግራታለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ስንቱን ምሳ አብረን ስንበላ ዋርሳዬ ታውቅ ነበር።

«እንደ ያኛው» አልኳት።

«የትኛው?» አለች ልጄ።

 ዋርሳዬ ፊቴን አይታ ከግድግዳው ሥር ወንበር ሳበችልኝ። መደገፊያውን ያዝኩት። ከዚያ ለቀቅኩት። ቆሜ ነገርኳት፤ አዲሱን መብራት፣ የተገፋውን ወንበር፣ «ይበላሽ፣ አንሳኝ» ያለችውን፣ ሳቋን። መጋረጃውንም ነገርኳት። ሳልቀንስ።

 ነግሬ ስጨርስ ሰዎች ልጄን ሊያነጋግሯት መጡ፣ ይዘዋት ሄዱ። ዋርሳዬ በእግር ቤት አደረሰችኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ጡረታ ደብተሯ ስታወራ ነበር፤ «ፎቶው ላይ ሌባ አስመስለህ ነው ያነሳኸኝ» አለች። «አትንቀሳቀሺ ስልሽ ትሰሚያለሽ እንዴ?» አልኳት።

ሰኞ 15

ዛሬ ጠዋት ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ የመጣ ሰውዬ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩ። አገጭዎን ቀና፣ ትከሻዎን ዝቅ፣ አይንቀሳቀሱ። ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

«አባዬ» አለችኝ።

አቤት አልኳት። 

«እማዬ ስትደንስ፣ የግራ እጇ እንዴት ነበር የሚነሳው? ከክርኑ ነው ከትከሻው? መዳፏ ወዴት ይዞር ነበር?»

«ከክርኑ» አልኳት። «አይ፣ ቆይ። ከእጅ አንጓዋ ነው። መጀመሪያ አንጓዋ፣ ከዚያ ክርኑ ይከተላል፣ መዳፏ ወደ ውጭ...»

«ወደ ውጭ እንዴት?»

ስልኩን በቀኝ እጄ ጆሮዬ ላይ ይዣለሁ። ለማስረዳት ስል ግራ እጄን አነሳሁት። አንጓውን፣ ቀጥሎ ክርኑን። ትከሻዬም ተከተለ። አንድ እግሬ ለብቻው ወደ ጎን ሲሄድ ተሰማኝ። ልጄ በስልክ ስለማታየኝ የሚሆነውን ሁሉ እየነገርኳት ነበር።

በርጩማው ላይ ያለው ሰውዬ አገጩን ቀና፣ ትከሻውን ዝቅ እንዳደረገ፣ ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ አዞረ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለኝ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «እንዳልንቀሳቀስ የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ?»